ካፌይንና የማያርፈው ክር

ካፋ ዞን ውስጥ ሁለት ዕፅዋት በጉርብትና ይኖራሉ። አንዱ በዴቻ ወረዳ፣ በማኪራ ጫካ፣ ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ነው። ሌላው ከቦንጋ ብዙም ሳይርቅ በውሽውሽ ኮረብቶች ላይ በመስመር ተተክሎ የሚለቀመው ሻይ። ቡናው የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ሻዩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ የመጣ እንግዳ። በዕፅዋት የዘር ሐረግ ሁለቱን ዘመድ ለማለት እጅግ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ሆኖም ሁለቱም ቅጠላቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ሞለኪውል ያዘጋጃሉ፤ ካፌይን።

በ2014 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሮቡስታ ቡና ሙሉ ዘረመል ተነብቦ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲወጣ አንድ የሚያስገርም ነገር አብሮ ወጣ። ቡና ካፌይን የሚሠራባቸውን ኢንዛይሞች ከሻይ ወይም ከካካዎ ጋር ከሚጋራው ቅድመ አያት አልወረሳቸውም። እያንዳንዱ ተክል ለብቻው፣ በራሱ ጊዜ ደርሶበታል። እንዲህ ያለ መገጣጠም በአጋጣሚ ብቻ አይመጣም። አንዱ ምክንያት ጥሬ ዕቃው በእጅ ያለ መሆኑ ነው፤ ካፌይን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ የማይገኝበት ሕያው ሴል የለም።

ዲኤንኤና አርኤንኤ እያንዳንዳቸው መልእክታቸውን በአራት ፊደላት ይጽፋሉ። ከአራቱ ሁለቱ፣ አዴኒንና ጓኒን፣ ፒዩሪን የሚባል ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ሁለት ቀለበቶች ጎን ለጎን የተጋጠሙባቸው ጠፍጣፋ ሞለኪውሎች። ካፌይንም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። የቡናው ቅጠል ከኑክሊክ አሲድ ጥሬ ዕቃ የሚገኘውን ዛንቶሲን ይወስዳል፣ ሜቲል የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ቡድኖችን በየተራ ይለጥፍበታል፣ በመካከሉም ስኳሩን ያነሳለታል። ሁለተኛው ሜቲል ሲለጠፍ የሚገኘው ቴዎብሮሚን ነው፣ ቸኮሌት ውስጥ የታወቀው። ሦስተኛው ሲጨመር ካፌይን ይሆናል። ቡና የጠጣን ሰው እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው ዝምድና ነው። አንጎል ውስጥ የድካምን ወሬ የሚያደርሰው አዴኖሲን፣ የአርኤንኤ አንዱ ክፍል፣ የሚያርፍበትን ቦታ ካፌይን ቀድሞ ይይዝበታል።

መልኩ ይህን ያህል የሚመሳሰል ሞለኪውል ከዲኤንኤ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ለማግኘት ግን በየትኛውም ተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ፣ ስፋቱ 2 ናኖሜትር የሆነ ክር ሲንቀሳቀስ መከታተል ያስፈልጋል። መሣሪያው ብርሃን ነው። በውል የታወቀ ብርሃን በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ይለቀቃል፤ በሌላው በኩል ስንቱ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደቀረ ይለካል። የዚህ ሙያ ስሙ ስፔክትሮስኮፒ ነው።

ከሙከራው በፊት ግን ጥቂት ታሪክ። ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ኬሚስት ነበር፣ በ1819። ፍሬውን የሰጠው ባለቅኔው ጎተ ነው፤ ሩንገ በመርዘኛ ዕፅዋት ላይ የሠራውን ሙከራ ካየ በኋላ እስቲ ይህንንም መርምር ብሎ። ከዚያ ወዲህ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ኤሚል ፊሸር የፒዩሪኖችን አሠራር ፈታ፤ ካፌይንንም በላቦራቶሪ ሠራ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው የስኳርና የፒዩሪን ሥራው አንድ ላይ ተጠቅሷል። ስለ ዲኤንኤ መልክ ገና ምንም ባልታወቀበት ዘመን የካፌይንና የጓኒን ዝምድና በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። በ2008 አበበ በላይና ሦስት ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ «ፉድ ኬሚስትሪ» በተባለው መጽሔት አንድ አጭር ጥናት አሳተሙ። የቡና ናሙናዎቹ የመጡት ከቤንች ማጂ፣ ከቴፒ፣ ከጎደሬና ከይርጋጨፌ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከካፋ ጋር የአንድ ደቡብ ምዕራብ ቡና አገር ክፍሎች ናቸው። ሥራው ለዓይን የሚስብ አይደለም። ተፈጭቶ የተነፋ 50 ሚሊ ግራም ያህል ቡና በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ ለአንድ ሰዓት እየተማሰለ በቀስታ ይሞቃል፤ ይጣራል። እዚህ ላይ ችግር አለ። ካፌይን ብርሃን የሚውጠው በ272 ናኖሜትር አካባቢ፣ ዓይን በማያየው አልትራቫዮሌት ውስጥ ነው። ቡና ውስጥ ግን ክሎሮጄኒክ አሲድን የመሳሰሉ ሌሎች ውህዶችም እዚያው ሠፈር ብርሃን ይውጣሉ። ዝም ብሎ የተለካ ቡና የሁሉንም ድምር ነው የሚናገረው። ስለዚህ ፈሳሹ ላይ ዳይክሎሮሜቴን ይጨመርበታል። ካፌይኑ ወደ ዳይክሎሮሜቴኑ ይሻገራል፤ ሌላው አብዛኛው ውኃው ውስጥ ይቀራል። ይህ እየተደጋገመ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ብቻ የመሣሪያው ንባብ የካፌይን ንባብ ይሆናል።

ውጤቱ፦ ከቡናው ክብደት ካፌይን በይርጋጨፌ 1.01 በመቶ፣ በቴፒ 1.07፣ በቤንች ማጂ 1.10፣ በጎደሬ 1.19። ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ የአረቢካ ቡናም ወግ ነው፣ ሮቡስታ ብዙ ጊዜ የዚህን እጥፍ ይይዛል። ጥናቱን ዋጋ የሚያሰጠው ግን ከቁጥሩ ይልቅ መንገዱ ነው። ውድ የሆነ መለያ መሣሪያ ሳያስፈልግ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ባሏቸው ዓይነት ስፔክትሮፎቶሜትር ሥራው ተሠርቷል።

ያው መሣሪያ የቡና ዲኤንኤ በሚወጣበት ክፍልም አይጠፋም። ተመራማሪዎቹ ኢሳያስ አጋ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ካሳሁን ተስፋዬ በ2006 ቦን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ፣ የኢትዮጵያን የጫካ ቡና የዘረመል ብዝኃነት አጥንተዋል፤ የቦንጋ ጫካም የዚህ ዓይነቱ ጥናት አንዱ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምረው ቅጠል በመፍጨት ነው። የቡና ቅጠል ደግሞ ለዲኤንኤ አውጪ ፈተና ነው፤ በፖሊፌኖል የተሞላ ነውና ሲፈጭ ይጠቁራል፣ የጠቆረውም ዲኤንኤው ላይ ይጣበቃል። ወጣ የተባለው ነገር ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው በብርሃን ነው። ዲኤንኤ በ260 ናኖሜትር አጥብቆ ይውጣል፤ ፕሮቲን በ280። የሁለቱ ንባቦች ድርሻ 1.8 አካባቢ ከሆነ ዲኤንኤው ከፕሮቲን የጸዳ ነው፤ በ230 ናኖሜትር ንባቡ ከፍ ካለ ቅጠሉ ፖሊፌኖሉን ወይም ሌላ ቆሻሻ አብሮ ልኳል። የ260ው ንባብ 1 ከሆነ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ማይክሮ ግራም ድርብ ዲኤንኤ አለ።

ይህ ሁሉ ግን መመዘን ነው፤ ስንት አለ፣ ንጹሕ ነው ወይ። ተማሪ በባዮሎጂ መጽሐፉ ላይ የሚያየው ጠመዝማዛ መሰላልም ከመመዘን ጋር ይስማማል፣ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ይመስላልና። እውነተኛው ዲኤንኤ ግን አይቆምም። ይተነፍሳል ይላሉ ባለሙያዎቹ፤ ጥንዶቹ ፊደላት ይላቀቃሉ፣ ይገጥማሉ፣ ክሩ ይታጠፋል፣ አልፎ አልፎም መጠምዘዣ አቅጣጫውን ይቀይራል። ለዚያው ስፔክትሮፎቶሜትር የሚያሞቅ ክፍል ጨምሮ የክሮቹን መላቀቅ ማየት ይቻላል።

ሙከራው እንዲህ ነው። በጣም ትንሽ ዲኤንኤ ጨው ባለበት ውኃ ተበጥብጦ ኩቬት በሚባል ትንሽ የኳርትዝ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ተራ ብርጭቆ አይሆንም፤ አልትራቫዮሌትን ራሱ ይውጠዋል። መብራቱ በ260 ናኖሜትር ይቆማል። ሙቀቱ በየደቂቃው ግማሽ ወይም አንድ ዲግሪ ይጨምራል። ለረጅም ጊዜ ምንም አይሆንም። 50 ዲግሪ፣ 60 ዲግሪ፣ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ በጥቂት ዲግሪዎች ውስጥ ንባቡ ሽቅብ ይወጣል፣ ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል ጨምሮ እንደገና ይረጋጋል። ኩቬቱ ውስጥ የተጨመረም የተቀነሰም ነገር የለም። የዲኤንኤው መጠን ያው ነው፤ የሚውጠው ብርሃን ግን በዛ።

ምክንያቱ ፊደላቱ የሚቀመጡበት ሁኔታ ነው። ድርብ ክር ውስጥ መሠረቶቹ፣ ማለትም ፊደላቱ፣ በሞሰብ እንዳለ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው ነው ያሉት፣ በመካከላቸው 0.34 ናኖሜትር ብቻ ክፍተት። ተነባብረው ሳሉ አንዱ የሌላውን ብርሃን የመዋጥ ችሎታ ይጫነዋል። ሙቀቱ ክሮቹን ሲለያያቸው ንብብሩ ይፈርሳል፤ እያንዳንዱ ፊደል ነጻ ወጥቶ የራሱን ያህል ይውጣል። ግማሹ ክር የተለያየበት ሙቀት የመቅለጫ ሙቀት ይባላል። ጁሊየስ ማርመርና ፖል ዶቲ በ1962 እንዳሳዩት ይህ ሙቀት ክሩ ውስጥ ካለው የጓኒንና የሳይቶሲን ብዛት ጋር በቀጥታ መስመር ይጨምራል። ጓኒንና ሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛሉ፤ አዴኒንና ታይሚን በሁለት። ብዙዎች ምክንያቱ ይኸው ነው ብለው ያቆማሉ፤ ነገር ግን ክሩን አጽንቶ የሚይዘው በአብዛኛው ንብብሩ ነው፣ ትስስሩ ብቻ አይደለም። ይህን መዘንጋት ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር እንቆቅልሽ ያደርገዋል።

አሁን ኩቬቱ ውስጥ ካፌይን ይጨመር። ፖል ትሶና ባልደረቦቹ በዚያው በ1962 ፒዩሪንንና ዘመዶቹን ከዲኤንኤ ጋር አብረው ሲያሞቁ የመቅለጫው ሙቀት ወረደ። ካፌይንም ከነዚህ ዘመዶች አንዱ ነው። ድርብ ክሩ ከወትሮው ቀድሞ ይለያያል። ካፌይን ጠፍጣፋ ነው፣ ፊቱም ከሌላ ጠፍጣፋ ሞለኪውል ፊት ጋር መገጣጠም ይወዳል። ድርቡ ክር በተፈጥሮው ሲተነፍስ አንድ ቦታ ላይ ለቅጽበት ሲከፈት፣ የተጋለጠው ፊደል ወደ ጥንዱ ከመመለሱ በፊት ካፌይን ፊቱ ላይ ይለጠፋል። የተከፈተው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያግዘዋል ማለት ነው። ካፌይን በር አይሰብርም፤ የተከፈተ ሲያገኝ ይገባል።

ስኒውን ከእጁ ሊያስቀምጥ ያሰበ አንባቢ ካለ ይረጋጋ። በላቦራቶሪ ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ካፌይን ቡና ጠጪ ደም ውስጥ ከሚገኘው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። 95 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለው አንድ ኩባያ ቡና ራሱ፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከመሰራጨቱ በፊት፣ በሊትር 2 ሚሊሞል ያህል ነው የሚይዘው፤ ደም ውስጥ ሲደርስ በማይክሮሞል ይቆጠራል።

የካፌይን የመለጠፍ ጠባይ ግን ሌላ ቦታ ላይ ቁምነገር ሆኗል። የዘረመል ላቦራቶሪ ውስጥ የዲኤንኤ ጄልን ለማቅለም ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው ኢቲዲየም ብሮማይድ የተባለ ቀለም በሁለት ፊደላት መካከል ሰርጎ ይገባል። ውኃ ውስጥ ሳለ ደካማ ብርሃን ነው የሚሰጠው፤ ዲኤንኤ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ወደ 20 እጥፍ ይደምቃል። ይህን ደማቅ ቀለም የያዘ ፈሳሽ ላይ ካፌይን ሲጨመር ብርሃኑ እየደበዘዘ ይሄዳል። ካፌይኑ ቀለሙን ውኃው ውስጥ ያገኘዋል፣ ፊት ለፊት ይለጠፍበታል፣ ወደ ዲኤንኤው እንዳይመለስ ያስቀረዋል። ተመራማሪዎች ይህን ጠላፊነት ብለውታል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም በተመሳሳይ መንገድ ዲኤንኤ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ካፌይን ይጠልፈዋል።

አበበ በላይም ካፌይንን ከመመዘን አልፎ ወደዚህ መጥቷል። ከደቡብ ኮሪያ ባልደረቦች ጋር ሆኖ ካፌይን ከካፌይክ አሲድና ከክሎሮጄኒክ አሲድ ጋር እንዴት እንደሚጣመር በፍሎረሰንስ፣ በአልትራቫዮሌትና በኢንፍራሬድ አጥንቷል። ጉዳዩ የቡና ፍሬው የራሱ ጉዳይ ነው፤ ካፌይንና ክሎሮጄኒክ አሲድ ፍሬው ውስጥ ተያይዘው እንደሚገኙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታውቋል። በ2008 መለካቱን ያወሳሰበው ጎረቤት፣ በኋላ ራሱ የጥናት ርዕስ ሆነ። ዘዴው ከዲኤንኤው ሙከራ ጋር አንድ ነው፤ የሚያበራውን ሞለኪውል ይዞ፣ ሌላው ሲጠጋው ብርሃኑ ስንት እንደሚቀንስ መለካት።

እስካሁን የታየው ሁሉ የብዙ ቢሊዮን ሞለኪውሎች አማካይ ነው፣ ደግሞም ዘገምተኛ። ፍጥነቱን ለመያዝ ሌላ ዓይነት ብርሃን ያስፈልጋል። ማንፍሬድ አይገን በ1967 የኖቤል ሽልማት የተካፈለበት ዘዴ ፈሳሹን በማይክሮሰከንድ ውስጥ ጥቂት ዲግሪ አስደንግጦ፣ ሞለኪውሎቹ ወደ አዲሱ ሚዛናቸው ሲሄዱ መከታተል ነበር፤ ዛሬ ይህ በሌዘር በናኖሰከንድ ይሠራል። በኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ደግሞ የእያንዳንዱ ጥንድ መከፈት ይቆጠራል። ጥንድ ሲከፈት ፕሮቶኑን ከውኃው ጋር ይለዋወጣልና። በዚህ መንገድ የአዴኒንና የታይሚን ጥንድ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ አንድ ጊዜ እንደሚከፈት፣ የጓኒንና የሳይቶሲን ጥንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይ ታውቋል። ክፍት ሆኖ የሚቆየው ግን ከአንድ ማይክሮሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ካፌይን የሚጠብቀው በር ይህ ነው።

የመጠምዘዣው አቅጣጫ መቀየርም የታየው በብርሃን ነው። በ1972 ፖልና ጆቪን የሚባሉ ተመራማሪዎች ጓኒንና ሳይቶሲን እየተፈራረቁ የሚሄዱበትን ክር ብዙ ጨው ውስጥ አስገቡ። የተጠቀሙት ክብ ዳይክሮይዝም የሚባለውን ዘዴ ነው፤ ቀኝና ግራ የሚዞር ብርሃን እኩል አለመዋጡን የሚለካ። ግራፉ ተገለበጠ። ከላይ የነበረው ከታች፣ ከታች የነበረው ከላይ። ምን ማለት እንደሆነ በውል የታወቀው ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው፤ በ1979 የክሪስታል ጥናት ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ዲኤንኤ መኖሩን አሳየ። ብርሃን ቀድሞ ተናግሮ ነበር፣ የሚተረጉም ጠፍቶ እንጂ። በ2011 ደግሞ ሃሺም አልሃሺሚና ቡድኑ በኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ፣ ተራ በሚባል ዲኤንኤ ውስጥ አንዳንድ ጥንዶች ለአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ተገልብጠው ሁግስቲን በሚባለው ሌላ አያያዝ እንደሚቀመጡ አገኙ። በማንኛውም ቅጽበት ከመቶ አንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ጥንድ ብቻ ነው እንዲህ ሆኖ የሚገኘው፤ ለዚያም ነው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ከዓይን ያመለጠው።

ይህ ሁሉ ለቦንጋ ጫካ ቡና ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ ያው የመቅለጫ መስመር ነው። በ2003 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የካርል ዊትወር ቡድን ያቀረበው ዘዴ አንድ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ፒሲአር በሚባል ዘዴ ያባዛል፣ ድርብ ክር ላይ ብቻ የሚያበራ ቀለም ይጨምርበታል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ያቀልጠዋል። ክሮቹ ሲለያዩ ብርሃኑ ይጠፋል። ሙሉ ንባብ ሳያስፈልግ አንድ ፊደል የተለወጠበት ዛፍ ከጎረቤቱ በመስመሩ ይለያል። ሳይቶሲን የነበረበት ቦታ ታይሚን ከገባ መስመሩ ወደ አንድ ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል። አዴኒንና ታይሚን ቦታ ከተለዋወጡ ግን ልዩነቱ ሁለት አሥረኛ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ መሣሪያው ያን ያህል ጠንቃቃ መሆን አለበት።

አረቢካ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 44 ክሮሞሶም ያለው ይህ ተክል የሁለት ዝርያዎች፣ የሮቡስታና ዩጂኒዮይዲስ የሚባለው ዱር ቡና፣ ዲቃላ ነው፤ በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት መዳቀሉ ከ350 እስከ 610 ሺህ ዓመት በፊት እንደሆነ ገምቷል። ስለዚህ ለአንድ ጂን ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሪት አለው፣ አንዱ ከአንዱ ወላጅ፣ ሌላው ከሌላው። ሁለቱ አብረው ከተባዙ የሚቀልጠው ድብልቅ ነው። የማኪራው ዛፍና የሌላው ጫካ ዛፍ ያላቸው ጥቂት ልዩነት በወላጆቹ ልዩነት ይሸፈናል። መፍትሔው ሥራው ሲጀመር ነው የሚበጀው፤ የፒሲአሩ መነሻ ቁራጮች ከአንደኛው ወላጅ ስሪት ጋር ብቻ እንዲገጥሙ ሆነው ይመረጣሉ፣ ከዚያም በ60 ዲግሪ የሚጀምረው ዝግ ያለ ማሞቅ ይቀጥላል።